ሦስታችንም ታታሪ ነበርን

«አንቺ ዝም ብትዪም ሲቪሽ ይናገርልሻል!» አለችኝ ታይፒስቷ ጽጌ፣ ያኔ፣ የካ፣ ከክፍለ ከተማው ቢሮ ፊት ለፊት ባለችው የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት።

ትምህርቴን ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጥኩት፤ ልጅ መጣ። የባሌ የቀን ሥራ አንድ ቀን አለ፣ ሁለት ቀን የለም። ልጄ ደግሞ ጡት ትቷል፤ ከእንግዲህ ከእኔ በነፃ የሚያገኘው ነገር የለም። ሲ.ኤም.ሲ ሰፈር ያለ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ሞግዚት ይፈልጋል ሲሉኝ ነው ወደ ጽጌ የሮጥኩት።

ስሜን ብቻ ጠየቀችኝ። ከዚያ ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ እንደ በረዶ ወረዱ። «የብቃት ማጠቃለያ» ብላ አነበበችልኝ፤ «ታታሪ፣ ታማኝ፣ በጫና ውስጥ መሥራት የምትችል፣ ከማንም ጋር በቀላሉ የምትግባባ።» ክው አልኩ! ስለ እኔ ይህን ሁሉ ከየት አወቀች? እኔ እኮ ለጎረቤት «ደህና አደራችሁ» ካልኩ ሌላ ቃል የለኝም። ወረቀቱን እያነበብኩ ዳገቱን ወጣሁ። እውነቴን ነው፣ ባሌ ወረቀቱ ላይ ያለችውን ሴት ቢያገኛት እኔን ትቶ ያገባት ነበር።

ለቃለ መጠይቅ ሦስት ሴቶች ተጠራን። ዳይሬክተሯ አንድ ላይ አስገቡንና አንዱን ማጠቃለያ ጮክ ብለው አነበቡ። «ይህች የማን ናት?»

ሦስታችንም እጅ አወጣን።

«ወላሂ የኔ ናት!» አለች ከድጃ፣ የሰፈሬ ልጅ፣ የሹፌር ሚስት።

«አንቺ ደግሞ መቼ በጫና ሠራሽ? ውሃው በባልሽ መኪና እየመጣልሽ!» አለቻት ሦስተኛዋ።

«የባሌ እናት እኛ ጋ ነው የሚኖሩት። ከዚህ በላይ ጫና አለ?»

ዳይሬክተሯ የቀሩትን ሁለት ወረቀቶች ገለጡ። ያው፣ ቃል በቃል! ለካስ ጽጌ ስም እየቀያየረች ለሰፈሩ ሁሉ አንዲት ሴት ስታድል ነው የኖረችው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ለአፍ ዳገት የለውም ይባላል፤ የጽጌ ኮምፒውተርማ ጭራሽ ቁልቁለት ነው።

ማን እንደጻፈልን ጠየቁ፤ ነገርናቸው። ምን ሊያደርጓት ይሆን ብዬ ለጽጌ አዘንኩላት።

በሳምንቱ ውጤት ልጠይቅ ብሄድ ማን ቢቀበለኝ ጥሩ ነው? ጽጌ! ጸሐፊ ሆና ተቀጥራለች። «ሦስት ሴቶችን ስለ ራሳቸው ያሳመነች ልጅ ወላጆችን ማሳመን አያቅታትም» አሉ ተብሏል ዳይሬክተሯ። ሞግዚትነቱንስ? ሌላ ሰፈር ያለች ሲቪ የሌላት ሴት ወስዳዋለች!

የምን ታታሪ፣ የምን ታማኝ!

ስመለስ ጽጌ ትሠራበት የነበረው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ሰው ተሰልፏል። ባለቤቱ ጋሽ ታደሰ ፎቶ ኮፒው ላይ ቆመው ያልባቸዋል፤ የጽጌ ወንበር ባዶ ነው። እንደምንም አፌን ከፍቼ፣ ሰው ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ሲቪ አለሽ?» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። በአንድ ጣቴ ፊደል እያደንኩ «ዛሬ መጀመር ትችላለች» ብዬ ጻፍኩና ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞርኩት።