ማማ አጌርና ሚዛኑ

አውሮፕላን የሚጥሉት ነፋስና ሞተር ብቻ አይደሉም፤ «ይቺን ብቻ» የሚሉ ደጋግ ሰዎችም ይጥላሉ።

ትናንት ቦር አየር ማረፊያ፣ ዛፉ ሥር ካለው ሚዛን አጠገብ ድንገት ያገኘኋቸው ክብርት ማማ አጌር የዚህ ወገን ሊቀመንበር ናቸው። አንድ እጃቸው በፋሻ ታስሮ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ለመጨረሻ ጊዜ የተያየነው የተገለበጠ አውሮፕላን ውስጥ ነው።

ዝናብ መንገዱን ሲዘጋ ከቦር ወደ ጁባ የሚበር ሁሉ የዘመድ አደራ ይይዛል፤ አልችልም ማለት ነውር ነው። ማማ አጌርን ግን አደራው ራሱ ፈልጎ ያገኛቸዋል። የማያውቁት ሰው ለማያውቁት አማች የላከው ዓሣ በእሳቸው እጅ ያልፋል። አንድ ጊዜ ዶሮ ከነነፍሱ በልብሳቸው ሸሽገው ተሳፈሩ፤ ሰማይ ላይ ሲንጫጫ «ሆዴ ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

አውሮፕላኑ የተገለበጠ ቀን እኛም ሻንጣችንም ተመዘንን። ከዚያ ሸኚ አደራውን ይዞ መጣ። ማማ አጌር የኋላውን በር በትከሻቸው ደግፈው ጆንያ በጆንያ ላይ ተቀበሉ። ሁሉም የደረቀ ዓሣ፣ ሁሉም ሳይመዘን የአውሮፕላኑ ጭራ ጋ።

«ማማ፣ ካፒቴኑ ያውቃል?»

«ለምን እናስጨንቀው? የደረቀ ነገር ምን ይከብዳል?»

ተንደረደርን። አፍንጫው ያለጊዜው ሽቅብ ተነሳ፤ ጭራው ቁልቁል ይጎትተዋል። ካፒቴን ዋንጃላ መሪውን በሁለት እጁ እየገፋ «ኋላ ምን ጫናችሁ?» ሲል ሰማሁ። የመለሰለት የለም። አየሩ አልሸከም አለን፤ ከሜዳው ዳር ያለው የማሽላ እርሻ ውስጥ ወድቀን ተገለበጥን። ከዚያ ጸጥታ፣ የነዳጅ ሽታ፣ ዓሣ። ፀጉሬ ውስጥ ሳይቀር ዓሣ። ሰው አልሞተም።

መርማሪዎች ሳይደርሱ ባለዓሣዎቹ ዓሣቸውን ከማሽላው ለቅመው ወሰዱ። እግሩ የተሰበረው ካፒቴን ጁባ ሆስፒታል ተኝቶ «ጭራው ከብዶ ነበር» ቢል ማን ይመነው? የማብረር ፈቃዱን ሊነጥቁት ነው። ከተማው ዝም።

«ወዴት ነው፣ ማማ?»

«ጁባ፣ መርማሪዎቹ ዘንድ።»

«በአውሮፕላን?»

«በዋና ልሂድ?»

«ያስሩዎታል እኮ። ሰዉስ ምን ይላል?»

«ሰዉማ ዝም በይ ብሎኛል።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያ ልጅ እግሩ ተሰብሮ ቁልቁል ተንጠልጥሎ፣ መጀመሪያ ያለው ‹ማማ፣ ደህና ነዎት?› ነው። እኔ ያን ጊዜ በእጄ ጆንያዎቹን እየዳበስኩ ነበር።»

ከቦርሳዬ የተቆላ ኦቾሎኒ አውጥቼ ዘረጋሁላቸው።

«ለካፒቴኑ ነው፣ ማማ። ይቺን ብቻ።»

አፌ ያለውን የሰማሁት ከወጣ በኋላ ነው። ማማ አጌር ግን ዛሬም አልችልም ማለት አልሆነላቸውም። በደህናው እጃቸው ወደ ዛፉ ሥር ጠቆሙኝ።

«አደርሳለሁ፣ ልጄ። መጀመሪያ ግን ሚዛኑ ላይ አስቀምጪያት።»