ኮሌጅ መራጭ ሽማግሌዎች

ኮሌጅ የሚመርጥ ሽማግሌ ገጥሞዎት ያውቃል? እዚህ ፍራንክፈርት ሞልተዋል። እኔ ትምህርቴ ትንሽ ስለሆነ ፊታቸው አልናገርም፤ መጻፍ ግን ማን ከለከለኝ?

ቦናመስ በሚባለው ሰፈር ጎረቤቴ የሆነችው ሳራ ጎበዝ ሯጭ ናት። ዘንድሮ ሁለት ኮሌጆች ተቀበሏት፤ አንዱ እዚሁ አጠገባችን ሪድበርግ ሰፈር፣ ሌላው ደግሞ ሩቅ ከተማ፣ የሩጫ ቡድንና አሠልጣኝ ያለው። እናቷ እትዬ ጽጌ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ለጋብቻ እንደሚደረገው ሦስት ሽማግሌ ሰበሰቡ። እኔም ሻይ እንዳቀርብ ተጠራሁ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጡረታ የወጡት ኢንጂነር ጋሽ መስፍን ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «ሪድበርግ ቅርብ ነው። ማታ ማታ ቤቷ ትገባለች» አሉ።

ሳራ በጀርመንኛ መለሰች።

«ታላላቆችሽ ፊት ነሽ፤ በአማርኛ ተናገሪ» አሏት ጋሽ መስፍን።

«እዚያ ትሬነር የለም ነው ያልኩት።»

«ሩጫ እኮ መናፈሻ ውስጥም ይሮጣል፣ ልጄ። እኛን ማን አሠለጠነን?»

«እርስዎም ይሮጡ ነበር?»

«ከፖሊስ» አሉ ጋሽ መስፍን። ሁሉም ሳቁ።

ሳራ አልሳቀችም። እናቷን አየቻቸው፤ እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ። «እሺ» አለች በመጨረሻ። ሽማግሌዎቹ መርቀዋት ተነሡ። የሩቁ ኮሌጅም ቦታዋን ለሌላ ሯጭ ሰጠ።

በቀደም ጋሽ መስፍንን ባቡር ላይ አገኘኋቸውና እንደ ምንም ደፍሬ፣ «ሳራ እኮ ሩጫውን ተወችው» አልኳቸው።

ከልባቸው አዘኑ። ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «የዛሬ ልጆች ጽናት የላቸውም» አሉ። «እስቲ አሁን ተይው ያላት ማን አለ?»