በእግር የተለካው ሰፈር

የሰው ልጅ በእግሩ መሄድ እንደሚችል በደብዳቤ የጸደቀው፣ የፈጣን አውቶቡሱ ፌርማታ በተተከለ በሦስተኛው ሳምንት ነው። የፕላን ቢሮው «በፌርማታው ዙሪያ ቤትና ሱቅ፣ ሥራና መኖሪያ ተቀላቅለው በአምስት ደቂቃ እግር የሚዳረሱበት ዘመናዊ ሰፈር ይመሠረታል» ሲል በክብር አስታወቀ። ከዳቦ ቤቷ ፎቅ ላይ የምትኖረው ጋጋሪና ከሱቁ ጀርባ የሚተኛው ልብስ ሰፊ ይህን ድንቅ ሐሳብ ሰምተው ተገረሙ፤ ለካስ ዕድሜ ልካቸውን ሳያውቁት ዘመናዊ ነበሩ።

ልብስ ሰፊውን እንቅልፍ የነሣው የደብዳቤው የመጨረሻ መስመር ነው፦ ከአምስት ደቂቃ ውጭ ያለ ሱቅ ይነሣል።

ልኬቱን ያከናወኑት የቢሮው ኃላፊ ራሳቸው ናቸው። ከመኪና ወርደው ስለማያውቁ፣ ከአድልዎ ነፃ የሆነ እግር ያላቸው እሳቸው ብቻ መሆናቸው በስብሰባ ታምኖበታል። እሳቸው ሆዳቸውን አስቀድመው ከፊት፣ ጸሐፊያቸው ሰዓት ይዞ ከኋላ ሆነው ከፌርማታው ጉዞ ጀመሩ። ሰፈሩ ደግሞ ሰው አክባሪ ነው። ጋጋሪዋ የልጆቻቸውን ጤና አንድ በአንድ ጠየቀች፤ ፀጉር አስተካካዩ እጃቸውን ጨብጦ አልለቅ አለ። አምስቱ ደቂቃ እዚያው ፀጉር ቤቱ በር ላይ አለቀ። የልብስ ሰፊው ሱቅ ከዚያ ሁለት በር አልፎ ነው።

ምስኪኑ ሦስት ቀን ደጅ ጠንቶ ልኬቱ እንዲደገም አስፈቀደና በየቤቱ እየዞረ ልመና ገባ።

«ወንድሜ፣ ነገ ሰላም እንዳትላቸው።»

«ምን በደሉኝና?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«እስኪያልፉ ብቻ። አንዲት እንዴት አደሩ ሱቄን ትበላዋለች።»

ሰፈሩ ለእሱ ሲል ጨዋነቱን ለአንድ ጠዋት ዋጠ። ኃላፊው ሲመጡ ጋጋሪዋ ምድጃዋ ውስጥ ልትገባ ምንም አልቀራት፤ አስተካካዩ ራሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፎጣ ተከናንቧል። ኃላፊው ሰላምታ ፍለጋ ግራ ቀኝ እያማተሩ በአንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ልብስ ሰፊው ደጃፍ ደረሱ። እሱ ከስፌት መኪናው ኋላ ጎንበስ ብሎ ትንፋሹን ይዟል።

«እዚህ ቤት ሰው የለም?» አሉ ኃላፊው፣ ከፍቷቸው።

«አለን ጌታዬ» የሚለው ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እንዲህ የተገኘ ደቂቃ በወሬ ይባክናል? ይብሱን ጎንበስ አለ። ጸሐፊው አንድ ነገር ጻፈ።

በሳምንቱ ያው ጸሐፊ ደብዳቤ ይዞ መጣ፦ «አካባቢው ነዋሪ የሌለበት መሆኑ በእግር በተካሄደ ጥናት ስለተረጋገጠ፣ የእግረኞችን ምቾት ለሚከታተሉ ኃላፊዎች የመኪና ማቆሚያ እንዲሆን ተወስኗል።»

ልብስ ሰፊው ሁለቴ አነበበው። «ልጄ፣ እኔስ? ይኸው ፊትህ ቆሜ የለም እንዴ?»

«ለዚሁ እኮ ነው የመጣሁት፣ ጋሼ» አለ ጸሐፊው፣ እስክሪብቶ እያቀበለ። «ነዋሪ አለመኖሩን አንድ ነዋሪ መፈረም አለበት።»