ሁለት ግርማ በአንድ ሳጥን

ጥፋቱን ሁሉ «ሲስተሙ ነው» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔስ ገጥሞኛል፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነውና የተማረ ሰው ሳይ እንደ ታቦት እሳለም ነበር። ትቻለሁ!

በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ሰበብ የሰበታ መንገድ በሚዘጋበት ሰሞን፣ መሬቱ ያልተመዘገበ ገበሬ እነጠቃለሁ ብሎ እንቅልፍ አልነበረውም። እኔም ምዝገባዬን ላረጋግጥ መሬት ቢሮ ሄድኩ። የመመዝገቢያውን ድረ ገጽ የሠራው ጎረምሳ «ኦቦ ግርማ፣ እርስዎ ሲስተሙ ውስጥ የሉም» አለኝ።

«ታዲያ ፊትህ የቆመው ማነው?»

«ስሞቹን አሬይ ውስጥ ነው ያስቀመጥኳቸው። የተደረደሩ ሳጥኖች ይበሉት። በየሳጥኑ ላይ የሰውየው ስም ከነአባቱ አለ። ሌላ ግርማ ደበላ ከእርስዎ በኋላ ሲመዘገብ እዚያው ሳጥን ገባ፤ እርስዎ ጠፉ።»

ሰበታ ገበያ ላይ «ግርማ ደበላ!» ብላችሁ ብትጣሩ ስንቱ ዞር ይላል? ለዚህ አይደል የአያት ስም የምንጨምረው?

«አያቴን ለምን አልጠየቅህም?»

«ሲስተሙ አይቀበልም» አለና ጥቂት ነካክቶ ሳቀ። «ይኸው፣ ገቡ!»

እኔ ስገባ ማን እንደወጣ ወዲያው ገባኝ። ያኛው ግርማ ጎረቤቴ ነው፤ ሊመሰክርልኝ አብሮኝ መጥቶ፣ ዱላውን ተደግፎ በር ላይ ይጠብቀኛል።

«ሞክሼ፣ ተገኘህ?» አለኝ ደስ ብሎት።

«ተገኘሁ። አሁን የጠፋኸው አንተ ነህ።»

«እኔ? መሬቴስ?»

«ሲስተሙን ጠይቀው።»

ዱላውን አንስቶ ገባ። ክንዱን ልይዘው እችል ነበር፤ አልያዝኩትም።