ከሬዲዮ የቀዳሁት መዝሙር

ወንድ ልጅ እንደ ልቡ የሚያለቅሰው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ ቸርች ውስጥና መኪና ውስጥ! አትሳቁ... እናንተንም ቀይ መብራት ላይ ዓይናችሁን ስትጠራርጉ አይቻችኋለሁ።

ባለፈው ሰሞን ዲር ፓርክ ካለው መጋዘን ሺፍቴን ጨርሼ ሆፐርስ ክሮሲንግ ወዳለው ቤቴ እየነዳሁ ሬዲዮ ከፈትኩ። አንድ የካንትሪ ሙዚቃ ዘፋኝ ጊታሩን ቀስ እያለ እየነካካ፣ ሆድ በሚያባባ ድምፅ ያንጎራጉራል። «ብትጠፋም ፈልጌ አገኝሃለሁ፤ መራመድ ቢያቅትህ በጀርባዬ አዝልሃለሁ» ይላል። እኔ ደግሞ እንባዬ ቅርብ ነው። መኪናዬን ጥግ አስይዤ ተንሰቀሰቅኩ።

«ተባረክ! ይሄ ሰውዬ ጌታን አግኝቷል!»

ታዲያ ደስታዬ ያለ ምክንያት አልነበረም። የቸርቻችን መዘምራን ውስጥ ለመግባት ያልለመንኩበት ጊዜ የለም። የመዘምራኑ መሪ ጋሽ ታምራት ግን ድምፄን ስለሚያውቁት፣ «ወንድሜ፣ አንተ በጸሎት አግዘን» ይሉኛል። ትርጉሙ መቼም አይጠፋችሁም! ይህን መዝሙር ይዤ ብቀርብስ? ማን ይከለክለኛል? እዚያው መኪናዬ ውስጥ ወደ አማርኛ መለስኩት።

እንደምታውቁት በእኛ ቸርች «ምስክርነት አለኝ» ላለ ሰው ማይክ አይከለከልም። እሑድ እጄን አወጣሁ፤ ማይኩን ያዝኩ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ... «ፈልጎ ያገኘኝ፣ በጀርባው ያዘለኝ!»

ፊት የተቀመጡት እትዬ አስቴር «አቤት ጌታዬ!» ብለው እንባቸውን ለቀቁት። አዝማቹን ስደግም ከኋላ የልጆች ድምፅ ተቀላቀለኝ። በእንግሊዝኛ! መነቃቃት መጣ ብዬ ዓይኔን ስገልጥ ልጆቹ ተሰልፈው፣ ክርናቸውን እያርገበገቡ፣ ወገባቸውን እያወዛወዙ እንደ ዳክዬ ይራመዳሉ።

ልጄ ሜሮን ፊቷን በእጇ ሸፍናለች። «ዳድ፣ ስቶፕ! ኢትስ ዘ ዳክ ሙቪ!»

ለካስ የሬዲዮው ሰውዬ አሳዝኖ የተጫወተው፣ በልጆች ፊልም ውስጥ ድቡ ለጠፋችው ዳክዬ የሚዘፍንላትን ዘፈን ኖሯል! ፊልሙን ከሜሮን ጋር ስንቴ ሶፋ ላይ «አይቼዋለሁ» መሰላችሁ። ግን ከሺፍት የመጣ ሰው ዳክዬዋ ሳትጠፋ ነው የሚያንኮራፋው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው!

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። እትዬ አስቴር እንደሆኑ ነገሩ አልገባቸውም፤ «ጨምር ልጄ፣ ጨምር!» ይላሉ። ልጆቹ ዓይን ዓይኔን ያያሉ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ እኔም ክርኔን አርገበገብኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ ጋሽ ታምራት ጠሩኝ።

«ወንድሜ፣ ቦታህ ተገኘ። ከሚመጣው እሑድ ጀምሮ ከሕፃናት መዘምራን ጋር ነህ።»

እንባዬ መጣ። «ጋሼ... ሶሎውን ነው የሚሰጡኝ?»

«የለም የለም፤ መዝሙሩን ልጆቹ ይዘምሩታል» አሉኝ ትከሻዬን ቸብ አድርገው። «አንተ ዳክዬዋን ትሆናለህ።»