ስለ አራተኛው በርሜል መጣበቅ አለመጣበቅ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ የወሩ ሰባተኛ ቀን
ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3፡00 ተብሎ 3፡08
ቦታ፦ ላቦራቶሪ፣ ከመታጠቢያው ገንዳ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ

የተገኙ፦
1. ሥራ አስኪያጁ፣ ሰብሳቢ
2. የጥራት ቁጥጥር ኃላፊዋ፣ አባል (የሰብሳቢው ታላቅ እህት)
3. የመጋዘን ኃላፊው፣ በቅጽል ስማቸው ጋሼ ቁልፉ፣ አባል
4. የላቦራቶሪ ባለሙያዋ፣ አስረጂ፣ ድምፅ የሌላቸው
5. ጸሐፊ፣ እንደዚያው

ምልዓተ ጉባኤው ሦስት ድምፅ ሲሆን ተሟልቷል።

የጉዳዩ መነሻ፦ አራተኛው በርሜል የቁስል መሸፈኛ ጨርቅ የሚነከርበት ፈሳሽ ነው። ውስጡ በዓይን የማይታዩ የብር ማዕድን ቅንጣቶች አሉ። ቅንጣቶቹ በየግላቸው ከሆኑ ፈሳሹ ሥራ ላይ ይውላል፤ ከተጣበቁ ይደፋል። ባለሙያዋ የስምንት ወር ድካማቸው መሆኑንና ዛሬ ካልጸደቀ ነገ ጠዋት እንደሚደፋ አስረድተዋል።

ልኬቱ እንዲህ ነው። ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ፈሳሹ ውስጥ ገብቶ ኤሌክትሪክ ይሰጠዋል። ቅንጣት ሽቦውን በነካች ቁጥር ስክሪኑ ላይ አንድ ሹል መስመር ይወጣል፤ ለትንሿ ትንሽ፣ ለተጣበቀው ጓል ትልቅ። ኤሌክትሪኩ እንዲያልፍ ጨው ይጨመራል። ጨው ግን ቆይቶ ራሱ ያጣብቃቸዋል። ስለዚህ ጨው በገባ በሩብ ሰዓት ውስጥ መለካት ግድ ነው።

ባለፈው ስብሰባ “አባላት እንዳይጉላሉ ናሙናው ጨው ገብቶበት ይጠብቅ፤ ኮሚቴው በሌለበት የተለካ አይጸናም” ተብሎ በመወሰኑ፣ ጨው ልክ በ3፡00 ገብቷል።

አጀንዳ አንድ፦ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ

ጋሼ ቁልፉ ባለፈው ቃለ ጉባኤ “አርፍደው ደረሱ” መባላቸው ቅር እንዳሰኛቸው፣ መንገድ ላይ ሰው ይዟቸው እንደነበር ገለጹ። ሰውየው ማን እንደሆነ ተጠየቁ። ባለሙያዋ “ጨው ገብቶበታል” አሉ። ሰብሳቢው ሁሉም በተራው እንደሆነ አሳሰቡ። ከረጅም ውይይት በኋላ “በሰው ተይዘው” የሚለው እንዲጨመር ተወሰነ። ሰዓቱ 3፡31 ሆኗል።

አጀንዳ ሁለት፦ መቀመጫ

የጥራት ኃላፊዋ ስክሪኑ አይታየኝም አሉ። ሰብሳቢው “እትዬ፣ ጠጋ በይ” ካሉ በኋላ “እትዬ” የሚለው የቤት ቃል ስለሆነ ከቃለ ጉባኤው እንዲወጣ አዘዙ። ወጥቷል። ሦስቱም አባላት ወንበራቸውን ስላስጠጉ ባለሙያዋ መሣሪያው ዘንድ ለመድረስ ሃያ ደቂቃ ያህል ወስዶባቸዋል።

አጀንዳ ሦስት፦ ልኬት

በደቂቃ አርባ ሹል ይጠበቅ ነበር፤ ሦስት ወጣ፣ ሦስቱም እንደ ምሰሶ የረዘሙ። ጋሼ ቁልፉ ፈሳሹ ረጋ ማለቱን በበጎ እንደሚያዩት ተናገሩ። ባለሙያዋ በጎ አለመሆኑን ሲነግሯቸው “ታዲያ ተባበሩ እንጂ ምን አጠፉ፣ ልጄ? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል” ብለው መጣበቁ እንደ መልካም ጠባይ ተቆጥሮ እንዲጸድቅ ሐሳብ አቀረቡ። ደጋፊ አላገኙም።

ባለሙያዋ “የተጣበቁት እዚህ ብልቃጥ ውስጥ ነው፣ ጋሼ። በርሜሉን ጨው አልነካውም” አሉ። የጥራት ኃላፊዋ ናሙና ማለት በርሜሉ ማለት እንደሆነ፣ ደንቡን እሳቸው እንዳልጻፉት መለሱ። ደንቡን የጻፉት እሳቸው ናቸው።

በሁለት ድምፅ በአንድ ተቃውሞ በርሜሉ እንዲደፋ ተወሰነ። የበርሜል መግፊያው ጋሪ ያለበት መጋዘን ቁልፍ ስላልተገኘ አባላት ለፍለጋ ወጡ። ጸሐፊው መሣሪያውን እንዲጠብቅ ታዘዘ።

እረፍት፦ ከ4፡20 እስከ 4፡50

በእረፍት የሆነ ነገር አይመዘገብም። ያልተመዘገበውም ይህ ነው፦ ባለሙያዋ ላቦራቶሪው ጥግ ወዳለው በርሜል ሄደው ሌላ ናሙና ቀዱ። ጨው ጨመሩ፣ ወዲያው ለኩ። በአንድ ደቂቃ አርባ ሦስት ሹል፣ ሁሉም አጫጭርና እኩል። “ቆጠርክ?” አሉ። ጸሐፊው ሁለቴ መቁጠሩን ተናገረ። ባለሙያዋ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከጠዋት ጀምሮ ሲቀመጡ የመጀመሪያቸው ነው።

አጀንዳ አራት፦ ልዩ ልዩ

ቁልፉ በጋሼ ቁልፉ ኮት ኪስ ተገኝቷል። ባለሙያዋ አዲሱን ውጤት በወረቀት አቀረቡ። የጥራት ኃላፊዋ መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ፣ ልኬቱ እንከን እንደሌለው፣ ኮሚቴው በሌለበት ስለተለካ ግን እንደማይጸና ገለጹ። ባለሙያዋ ወረቀቱን ማጠፍ ጀመሩ።

የጥራት ኃላፊዋ እጃቸውን ወረቀቱ ላይ ጫኑ። “ጭራሽ ኮሚቴ ካልነበረስ?” አሉ።

“እትዬ፣ እስቲ ድገሚው” አሉ ሰብሳቢው። ይህኛው ቃል እንዲወጣ አልታዘዘም።

ከአጭር ውይይት በኋላ በሙሉ ድምፅ፦ ይህም ስብሰባ ያለፈውም እንዳልተካሄዱ ይቆጠር፤ የተወሰነው ሁሉ ይሰረዝ፤ አራተኛው በርሜል በባለሙያዋ ፊርማ ብቻ ዛሬውኑ ወደ ጨርቅ ክፍል ይለፍ ተብሏል። ጋሼ ቁልፉ እንግዲያው ያረፈዱበት ስብሰባ እንደሌለ ይመዝገብልኝ ብለዋል፤ ተመዝግቧል።

ያልተካሄደው ስብሰባ ከረፋዱ 5፡25 ተበትኗል። አባላቱ በየግላቸው ወጥተዋል።