የጋሽ ወልዴ ፏፏቴና ደረሰኙ

የማልፈልገው ዕቃ ቤቴ ውስጥ ካለ ያሳክከኛል። እውነቴን ነው። ሌላው ሰው ስጦታ ሲሰጠው አመስግኖ ይቀበላል፣ አንድ ጥግ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ ረስቶት ይኖራል። እኔ ግን ሶፋ ላይ ቁጭ ባልኩ ቁጥር ዓይኔ ወደዚያ ጥግ ይሄዳል። እነሳለሁ። ቦታ እቀይርለታለሁ። ተመልሼ እቀመጣለሁ። ደግሞ እነሳለሁ። ባለቤቴ ምህረት "አንተ ሰውዬ፣ ወንበሩ ላይ እሾህ አለ እንዴ?" ትለኛለች። እሾህስ የለም። ተፈጥሮዬ ነው።

አሜሪካኖች ለእንደኔ ዓይነቱ መድኃኒት አላቸው። ስጦታ ሲገዙ ሱቁ ዋጋ ያልተጻፈበት ትንሽ ደረሰኝ ይሰጣቸዋል። የስጦታ ደረሰኝ ነው። እሱን ከዕቃው ጋር ያስገቡታል። የተሰጠው ሰው ካልወደደው ወስዶ ይመልሳል፣ ወይም በሌላ ይቀይራል። ማንም አይቀየምም። መጀመሪያ ስሰማ አላመንኩም። ስጦታ ሰጥቶ "ካልወደድከው መልሰው" ማለት፣ ሠርግ ጠርቶ "ወጡ ካልጣመህ እቤትህ ብላ" እንደማለት አይደለም?

እኛ ጋ እንዲህ አይደለማ። ደሴ ያለችው አክስቴ ስታገባ ስድስት ፔርሙዝ ተሰጣት። ቡፌው ላይ ደርድራ አስቀመጠቻቸው። ትመልስ ቢባል ለማን? ትሽጥ ቢባል ነውር ነው። ሥራዋ አንድ ብቻ ነበር፤ የትኛውን ማን እንደሰጣት ማስታወስ። እንግዳ ሲመጣ ሻዩ የሚቀርበው እንግዳው ራሱ በሰጠው ፔርሙዝ ነዋ። አንድ ቀን ተሳስታ ለባሏ እህት የጎረቤቷን ፔርሙዝ ይዛ ቀረበች። ሴትየዋ ሻዩን ሳትጨርስ ተነሳች። ዓመት ሙሉ እግሯ ያንን ቤት አልረገጠም። እኔ እንግዲህ ያደግሁት በዚህ ሕግ ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ጋርላንድ ከተማ አዲሱ ቤታችን ስንገባ ጋሽ ወልዴ ስጦታ ይዘው መጡ። ጋሽ ወልዴ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ ከአየር ማረፊያ የተቀበሉኝ፣ ስድስት ወር ቤታቸው ያስቀመጡኝ፣ ጎረቤት ከተማ ፋርመርስ ብራንች ያለውን የመጋዘን ሥራ ያስገቡኝ፣ መኪና መንዳት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አባቴ ቢኖር ከዚህ በላይ አያደርግልኝም። ስለዚህ ጋሼ ድንጋይ ቢሰጡኝ እንኳ ትራስ አድርጌ መተኛት አለብኝ ብዬ የማምን ሰው ነኝ።

ድንጋይ ሰጡኝ። ማለቴ፣ ድንጋይ የሚመስል፣ ቁመቱ እስከ ወገቤ የሚደርስ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፏፏቴ። የሳሎን ፏፏቴ። ሲሰካ ውሃው ከላይኛው ሳህን ወደ መካከለኛው፣ ከመካከለኛው ወደ ታችኛው ይንቆረቆራል፤ ከዚያ ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል። ለመንፈስ ማረጋጊያ ነው አሉኝ። ለእኔ ለማላርፈው ሰው ማለታቸው ነው እንግዲህ።

መንፈሴ ሊረጋጋ ቀርቶ፣ በመጀመሪያው ቀን ቧንቧ ፈነዳ ብዬ ሁለት ጊዜ ኩሽና ሮጥኩ። በሁለተኛው ቀን ሌላ ጣጣ መጣ። የሚንቆረቆር ውሃ ሲሰማ ሰውነት የራሱን ነገር ያስታውሳል። ዝርዝሩን ተዉት። ሳሎን ተቀምጬ አንድ ዜና አይቼ ሳልጨርስ ሦስት ጊዜ መታጠቢያ ቤት ደርሼ እመለሳለሁ። ምህረት አጥፋውና ተገላገል አለችኝ። አጠፋሁት። ጠፍቶም ቆሞ ያየኛል።

ካርቶኑ ላይ ደግሞ የስጦታ ደረሰኙ በፕላስተር ተለጥፏል። እዩት እንግዲህ ፈተናውን። አክስቴ ያላገኘችው በር ለእኔ ወለል ብሎ ተከፍቶልኛል። ምህረት ተው፣ ጋሼ ቅር ይላቸዋል፣ ትንሽ ቀን ታገስ ብላ ለመነችኝ። አላርፍ ያለች ጣት ምን ጠንቁላ እንደምትወጣ ታውቃላችሁ። የጸሎት ሰው ነኝና ተረቱን አልጨርሰውም። ሰኞ ዕለት ምህረት ከሥራ ሳትገባ ውሃውን ደፋሁ፣ ወለወልኩት፣ ካርቶኑ ውስጥ ከተትኩት፣ መኪና ላይ ጫንኩት።

ሱቁ ጋርላንድም ቅርንጫፍ አለው። እዚያ ግን አልሄድኩም። እዚያ ብሄድ አንድ የሚያውቀኝ ሐበሻ አይጠፋም፤ እሑድ ወሬው ቀድሞኝ ቤተ ክርስቲያን ይገባል። ግማሽ ሰዓት ርቃ ያለችው ፍሪስኮ ከተማ ድረስ ነዳሁ። ኮፍያዬን ዝቅ አድርጌ፣ የተሰረቀ ዕቃ እንደያዘ ሰው ግራ ቀኝ እያየሁ ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ ልጅቷ ዕቃው ችግር አለው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የለውም፣ ችግሩ ያለው እኔ ጋ ነው አልኳት። ግድ አልሰጣትም። ደረሰኙን አየችና በዋጋው ልክ ከሱቁ የምገዛበት ካርድ ሰጠችኝ። በእሱ መሰላል ገዛሁ። መሰላል ምን ያደርግልሃል አትበሉኝ። ቢያንስ ዝም ይላል።

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ወልዴ ናቸው።

"ልጄ፣ የዚህ ሐሙስ የቤት ጸሎት እናንተ ጋ ይሁን ብለናል። ቤቱንም እንመርቀው። ኤደንም ትመጣለች። ያንን ፏፏቴ የመረጠችው እሷ ናት እኮ፣ የት እንዳስቀመጣችሁት ልይ ብላ ነው።"

ኤደን የመጨረሻ ልጃቸው ናት። እሺ ጋሼ፣ በደስታ አልኩ። ስልኩን ዘግቼ ግን መጋዘኑ ውስጥ ሁለት ጊዜ ዞርኩ። ሌላ ሰው ቢሆን መልሶ ደውሎ እውነቱን ይናገር ነበር። እኔ የታየኝ ያ ባዶ ጥግ ነው። ስድስት ወር ቤታቸው ያስቀመጡኝ ሰው ልጃቸውን አስከትለው ባዶውን ጥግ ሲያዩ። አፈርኩ። ጋሼን ከማስቀየም ከገዛሁት መሰላል ጫፍ ላይ ብወድቅ ይሻለኝ ነበር።

ከሥራ እንደወጣሁ ፍሪስኮ በረርኩ። የመለስኩት ፏፏቴ ተሸጧል። በአንድ ቀን ውስጥ። ማን ይሆን የገዛው? እዚህ አገር ሳሎኑ ውስጥ ቁጭ የሚል ሰው አለ ማለት ነው። የሱቁ ሠራተኛ ኮምፒውተሩን አየና በዚህ አካባቢ የቀረው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም አንድ ሰዓት የሚያስነዳው ፎርት ዎርዝ ነው አለኝ። ደውልና ያስቀምጡልኝ ብዬ ለመንኩት። የቅናሽ ዕቃ አይቀመጥም፣ ቀድሞ የደረሰ ይወስደዋል አለኝ። ይሄን ለእኔ ይነግሩኛል?

ከፍሪስኮ ፎርት ዎርዝ፣ ያውም ሰው ሁሉ ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት። መንገዱ ቆሟል። እኔ ግራውን መስመር ስይዝ ቀኙ ይሄዳል። ቀኙን ስይዝ ግራው ይሄዳል። በየመኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ፏፏቴ ሊገዛ የሚሄድ መሰለኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እሷስ ታደለች፣ ያፈሰሰችበት ቦታ ላይ ነው የለቀመችው። እኔ ያፈሰስኩት ፍሪስኮ፣ የምለቅመው ፎርት ዎርዝ።

ደረስኩ። አለ። መደርደሪያ ጫፍ ላይ፣ ቀይ ወረቀት ተለጥፎበት ቆሟል። ሁለት ሴቶች ቆመው ሲያዩት ደርሼ አቀፍኩት። ገንዘብ ተቀባዩ ይሄ የመጨረሻ ሽያጭ ነው፣ አይመለስም፣ አይቀየርም፣ ገብቶሃል ወይ አለኝ። ወንድሜ፣ ማን ይመልሰዋል አልኩት።

ሐሙስ ቤቱ ሞላ። ፏፏቴው ጥጉን ይዞ ይንቆረቆራል። ኤደን ገና ስትገባ አይታው "ሶ ናይስ ነው፣ እዚህ ቤት ፐርፌክት ሆነ" አለች። እኔም ደረቴን ነፋሁ። ለጋሽ ወልዴ የክብር ቦታ ሰጠናቸው፤ ፏፏቴው አጠገብ።

መዝሙር ተጀመረ። በሁለተኛው መዝሙር መሀል ጋሽ ወልዴ ተነስተው መታጠቢያ ቤት ሄዱ። ተመለሱ። ጸሎት ተጀመረ። ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኗል፤ እኔ መቼም ጨፍኜ መቆየት አልችልም፣ በአንድ ዓይኔ አያለሁ። ጋሼ ይቁነጠነጣሉ። አንዱን እግር በአንዱ ላይ ያነባብራሉ፣ ያወርዳሉ። እንደገና ተነስተው ሄዱ። ሲመለሱ አልተቀመጡም። በዓይናቸው ወደ ኩሽና ጠሩኝ። ተከተልኳቸው።

"ልጄ" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ደረሰኙን አላየኸውም እንዴ?"

"የቱን ጋሼ?"

"ካርቶኑ ላይ የለጠፍኩልህን። ኤደን ይሄ ካልሆነ ብላ ሙጭጭ አለች። ገና ሱቁ ውስጥ ሰክተው ሲያሳዩን እኔ ሽንት ቤት ፍለጋ ሮጫለሁ። ልጄ ናት፣ ምን ልበላት? ደረሰኙን ጠይቄ በገዛ እጄ ለጠፍኩልህ። አንተን አውቅሃለሁ፣ ሳምንት ሳይሞላ ይመልሰዋል ብዬ።"

ሁሉንም ነገርኳቸው። ፍሪስኮን፣ መሰላሉን፣ ፎርት ዎርዝን። ሳሎን እንዳይሰማ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ሰሞኑን ሲሮጥ የከረመው እግሬ ድካሙ ገና ያን ጊዜ ተሰማው። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

"በል ግድ የለም" አሉኝ ዓይናቸውን እየጠረጉ። "ነገ ወስደህ ትመልሰዋለህ። የአሁኑ ደረሰኝ አለህ አይደል?"

"አለኝ ጋሼ። ግን አይመለስም፣ አይቀየርም ይላል።"

በበሩ በኩል ወደሚንቆረቆረው ውሃ ዞር ብለው አዩ።

"እንግዲያው ስጦታ የሆነው ገና አሁን ነው" አሉና፣ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ መታጠቢያ ቤት ገሰገሱ።